እንግሊዝኛ ስትጽፉ «ፍራግ» እየተባላችሁ ለተቸገራችሁ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጽሁፍ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ስንት ቀን ቆየሁ። ትናንት የመጨረሻው የእንግሊዝኛ ኤሴዬ (ድርሰቴ) ታርሞ ሲመለስልኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አራት ገጽ ነው። ዳር ዳሩን ገጽ በገጽ ፈተሽኩት። «ፍራግ» የምትለዋ ቃል አንድም ቦታ የለችም። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወረቀቱ ላይ ያያት ሰው ያውቃታል። ለማያውቃት ልንገር። አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ያልተሟላ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማቸው ወረቀቱ ዳር ላይ የሚጽፏት ምልክት ናት። ፍራግመንት ለማለት ነው፤ ስባሪ፣ ቁራጭ እንደማለት። በትልቁ ፊደል ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ አለው፣ ሲያዩት ዓረፍተ ነገር ይመስላል። ሐሳቡ ግን አላለቀም። የኔ ወረቀት በዚህች ቃል ይሞላ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ 11 የቆጠርኩበት ቀን አለ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ማታ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት በሲኤንኤነት፣ ማለት በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። ነርሲንግ ለመግባት የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ኮርሱን ማለፍ ነበረብኝ። ባዮሎጂውን አለፍኩ። ሒሳቡንም አለፍኩ። እንግሊዝኛው ሁለት ጊዜ ጣለኝ።

ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። መጀመሪያ በኢንተርኔት የሚያስጠና ሰው ያዝኩ። በሰዓት 40 ዶላር። የጻፍኩትን እልክለታለሁ፣ አስተካክሎ ይመልስልኛል። ሲመለስ ጽሁፉ ያምራል። ግን የኔ አይደለም። «ይሄን ለምን ቀየርከው?» ስለው «እንደዛ ስለሚባል ነው» ይለኛል። ለዚህ መልስ ስድስት ሳምንት ከፈልኩ። ከዚያ ክፍል ውስጥ የሚጻፍ ፈተና መጣ። እኔና ወረቀቱ ብቻ ቀረን። ወደቅኩ።

ቀጥሎ አንድ ማስጠኛ ቦታ ገባሁ። የስምንት ክፍለ ጊዜውን ክፍያ በአንዴ ተቀበሉኝ። የሰጡኝ የከባባድ ቃላት ዝርዝር ነው። «የኔ ችግር ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው» ብል ማን ይስማኝ። በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ «አጭር አጭር አድርገሽ ጻፊ፣ ይስተካከልልሻል» አለችኝ። አመንኳት። ቤቴ ገብቼ ረጃጅሙን ሁሉ ከመሐል እየቆረጥኩ ነጥብ አደረግኩበት። ፍራጉ እጥፍ ሆኖ መጣ። ስቆርጠው እኮ ነው ቁራጭ የሆነው! ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው አልነበረም። ገንዘቤም አልተመለሰም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ወረቀቴን በክፍል ልጆች ፊት ከፍ አድርጎ ይዞ «ይሄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው ነው የሚመስለው» ያለ አስተማሪ ነበረኝ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም።

ለምን እንዲህ እንደጎዳኝ ልንገራችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ሳድግ የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። ገና ሰባተኛ ክፍል ሆኜ። ልጆቻቸው ቤይሩትና ጅዳ የሄዱባቸው እናቶች ቡና አፍልተው ይጠሩኛል። እነሱ እንባቸውን እየጠረጉ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ብዬ እጀምራለሁ። ጨርሼ ሳነብላቸው «እሰይ የኔ ልጅ፣ የሆዴን አወጣሽልኝ» ይሉኛል። አባቴ ነፍሱን ይማርና በዚህ ይኮራብኝ ነበር። ያ ሁሉ ቀርቶ በሠላሳ አራት ዓመቴ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማልችል ሰው ሆንኩ።

«ጋሼ ጋ ለምን አትሄጂም?» ያለችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሷንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የምንላቸው ሰው አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለነገሩኝ አልጽፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ ቁጭ ብለው የመጣውን ሁሉ ያስተምራሉ። በነፃ።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። የታረሙትን ወረቀቶቼን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። አፍሬ ገልብጬ ነው ያስቀመጥኳቸው። እሳቸው ገለጥ አድርገው አዩ። እስክሪብቶ አላነሱም። ቀና አሉና «ልጄ፣ በአማርኛ የጻፍሽው ነገር ይዘሻል?» አሉኝ።

ግራ ገባኝ። እንግሊዝኛ ልማር መጥቼ አማርኛ ይጠይቁኛል። ስልኬ ላይ ለእናቴ የላክሁት ረጅም መልእክት ነበረኝ። ወንድሜ ነው የሚያነብላት። እሱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሳይቸኩሉ። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ «19 አራት ነጥብ አለሽ» አሉ። «ከነዚህ ውስጥ ማሰሪያ አንቀጽ የጎደለው የቱ ነው?» አየሁት። የለም። እንደገና አየሁት። አንድም የለም።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ማንም አዲስ ነገር አያስተምርሽም። የምታውቂውን ወደዚያ ማሻገር ብቻ ነው የቀረሽ።»

ከዚያ ባዶ ወረቀት ላይ በአማርኛ «አውቶቡሱ ስለዘገየ።» ብለው ጻፉ። «ይህን ብቻ ጽፈሽ ለእናትሽ ትልኪያለሽ?» አሉኝ። «እንዴ፣ አላለቀም እኮ!» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። «ስለዘገየ ምን ሆነ?» ፈገግ አሉ። ከሥሩ የራሴን ዓረፍተ ነገር ገለበጡ፤ «ቢኮዝ ዘ ባስ ዋዝ ሌት።» «ይሄስ?»

ዝም አልኩ። ያ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ «ፍራግ» ተብሎበታል። ለምን እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በአማርኛ ግሱ ራሱ ያስጠነቅቀናል። «ዘገየ» ካልን አለቀ። «ስለዘገየ» ካልን ተንጠልጥሏል፣ ጆሯችን የሚቀጥለውን ይጠብቃል። በእንግሊዝኛ ግን «ዋዝ ሌት» ያው «ዋዝ ሌት» ነው። ሲያልቅም ሲንጠለጠልም መልኩ አይቀየርም። ማንጠልጠያዋ «ቢኮዝ» ሩቅ፣ መጀመሪያ ላይ ናት። ባለቤት አለ፣ ግስ አለ፣ ሙሉ ይመስላል። ነጥባችንን አድርገን እንሄዳለን። የተሳሳትኩት ሰነፍ ስለሆንኩ አልነበረም።

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቴ ላይ «አይ ሚስድ ማይ ክላስ። ቢኮዝ ዘ ባስ ዋዝ ሌት።» ይል ነበር። መሐል ያለችውን ነጥብ አጠፏትና ሁለቱን አገናኙ። በቃ። አገር ቤት «በቢኮዝ ዓረፍተ ነገር አይጀመርም» ተብለን ነበር የተማርነው። እሳቸው እንደሚሉት ይጀመራል። የተንጠለጠለውን አስቀድመሽ፣ ነጠላ ሰረዝ አድርገሽ፣ ዋናውን ማስከተል ነው። ወይም «ቢኮዝ»ን ብታወጫት የቀረው ብቻውን ይቆማል።

በየቅዳሜው እንዲህ አንድ አንድ ነገር አሻገሩኝ። ግሱ ላይ «ኢንግ» ብቻ ጨምሬ ዓረፍተ ነገር እዘጋ ነበር። «ዘ ኦልድ ማን ሲቲንግ ባይ ዘ ዊንዶው» ብዬ ነጥብ። እሳቸው «ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ እየተቀመጡ» ብለው አነበቡልኝና ዝም አሉ። ጠበቅኩ። «ነበር» የለም! ለካ «እየ» «ነው» ወይ «ነበር» እንደሚፈልግ ሁሉ «ኢንግ»ም ብቻውን አይቆምም፤ «ዋዝ» ይፈልጋል። በ«ዊች» የምጀምረው ደግሞ የኛው «የ» ነው። «ያሳዘነኝ» ብሎ አራት ነጥብ የሚያደርግ ማን አለ? ባለቤቱን የምዘለውም እንዲሁ ነው። እኛ «ሄደች» ካልን ማን እንደሄደች ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን «ዌንት» ብሎ ማንነቱን አይነግርም፤ «ሺ» መጻፍ አለበት።

አሜሪካኖቹ ለነዚህ ሁሉ የተለያየ ስም አላቸው። ክሎዝ፣ ፍሬዝ፣ ምናምን። ስሞቹ እስከ ዛሬ ይምታቱብኛል። ጋሼም አላስጨነቁኝም። «ማሰሪያው የት አለ?» ነው የሚሉኝ። ይቺን ጥያቄ ፈተና ላይ በየነጥቡ እየቆምኩ በልቤ እላታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። ሥራ ቦታ ስለምጽፈው ማስታወሻ ጠየቁኝ። በሥራዬ ላይ የምንጽፈው «ኢን ቤድ። ሬስቲንግ። ኖ ኮምፕሌንትስ።» ዓይነት ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው፣ ለፍጥነት። «እዚያ ትክክል ነሽ» አሉኝ። «ያነበበው ነርስ ስለማን እንደሆነ ፋይሉ ላይ ያያል። ኤሴ የሚያነብ ሰው ግን ፋይል የለውም።» ለካ ሌሊት የጻፍኩበት እጅ ነው ቀን ኤሴ ውስጥ የሚገባብኝ! ስንት አስተማሪ አይቶኛል። ሥራዬ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለናንተም የሚጠቅም አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ አንብቡት። ከላይ ወደ ታች ስናነብ የፊተኛው ዓረፍተ ነገር የኋለኛውን ጉድለት ይሞላልናል፣ አይታየንም። ከታች ስትመጡ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይቆማል። መቆም ያቃተው ወዲያው ይለያል። ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡት ደግሞ የበለጠ ነው። እኔ አዳር ላይ፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ፣ ኮሪደር ላይ ሆኜ በሹክሹክታ አነባለሁ።

ደግማችሁ ስሙኝ። እዚህ አካባቢ ያላችሁ፣ ለኮሌጅም ለጂኢዲም (ሁለተኛ ደረጃን ላልጨረሰ ሰው የሚሰጠው አቻ ፈተና) የምትዘጋጁ፣ ገንዘባችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት ጋሼ ጋ ሂዱ። ባካችሁ ሂዱ። አንድ ቀን ከአዳር ቀጥታ መጥቼ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ኮታቸው ትከሻዬ ላይ ነው፣ እሳቸው ቦርሳዬን አጠገባቸው አድርገው ጋዜጣ ያነባሉ። «ተኝተሽ የምታተርፊው ይበልጣል ብዬ ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። ከዚያ ቀኑ ሳይመሽ ትምህርታችንን ጨረስን።

ገንዘብ አይቀበሉም። ሞክሬያለሁ፣ ተቆጡኝ። ፋሲካ ላይ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ስወስድላቸው ግን ተቀበሉኝ፤ እዚያው ላሉት ተማሪዎች ሁሉ ቆርሰው አደሉት።

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወላጆቼ ካስተማሩኝ ቀጥሎ እርስዎ ነዎት። ትናንት ወረቀቱን እንዳየሁ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም። «ምን ሆነልሽ?» አለችኝ። «እማዬ፣ ዓረፍተ ነገሬ አለቀልኝ» አልኳት። እልልታዋን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

መሄድ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ላይብረሪውን እነግራችኋለሁ። ቅዳሜ በጠዋት ይምጡ ብለዋል፣ ከቀትር በኋላ ሰው ይበዛል። የታረመ ወረቀታችሁን ያዙ፤ አትፈሩ፣ አትገልብጡት። ለእናታችሁ የላካችሁትም መልእክት ስልካችሁ ላይ ይኑር።