ከንቲባ የማውረድ አገልግሎት በኦክላንድ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ለሬስቶራንቱም ለኡበሩም ለጥርስ ሐኪሙም ኮከብ እንሰጣለን አይደል? እኔ ዛሬ የምገመግመው ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጠቀምኩበትን ሌላ አገልግሎት ነው። ከንቲባን የሥልጣን ዘመኑ ሳያልቅ ማውረድ። እዚህ ሁሉም "ሪኮል" ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለቱ የት እንደገቡ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ላልተከታተለ። ሼንግ ታኦ በ2022 ሎረን ቴይለርን በ677 ድምጽ ብቻ በልጣ ከንቲባ ሆና ተመረጠች። ወንበሩ ሳይሞቅ የፖሊስ አዛዡን ሌሮን አርምስትሮንግን አባረረች። ከዚያ ከተማዋ የሱቅ ዝርፊያን ለመከላከል ስቴቱ ለሚሰጠው ገንዘብ ማመልከቻውን በጊዜው ሳታስገባ ቀረች። ኢን ኤንድ አውት በርገር እንኳን ኤርፖርቱ አካባቢ የነበረውን ቅርንጫፉን በዝርፊያ ተማሮ በ2024 ዘጋ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የመኪና መስታወት ያልተሰበረበት ሀበሻ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። በዚህ መሀል ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ብሬንዳ ሃርቢን ፎርቴ፣ የሚመሩት ቡድን ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ እውነት ለመናገር። ሱፐርማርኬት በር ላይ አንድ ልጅ ክሊፕቦርድ ይዞ ቆሟል፣ እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በክር ታስሯል (ኦክላንድ ነው እንግዲህ)። ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ፣ አለቀ። እኔ ስፈርም አጠገቤ የነበሩ አንድ እናት "ልጄ፣ እኔም ልፈርም?" አሉኝ።

"ዜግነት ወስደዋል እትዬ?"

"ግሪን ካርድ ነው ያለኝ።"

"እንግዲያው አይቻልም።"

"ታክስ መክፈሉ ግን ይቻላል!" ብለው እየሳቁ ገቡ።

ልክ ናቸው። መፈረም የሚችለው የኦክላንድ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። ቴሌግራፍ ላይ ሱቅ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ እዚያ እየዋለ ማታ ጎረቤት ከተማ ሳን ሊያንድሮ የሚያድረውም አይችልም። ይሁን፣ ሕግ ነው። ግን ለዘመቻው ትልቁን ገንዘብ የሰጠው የሄጅ ፈንድ (የሀብታሞችን ገንዘብ ኢንቨስት የሚያደርግ ድርጅት) ባለሀብት የሚኖረው ፒድሞንት ነው፣ ኦክላንድ ዙሪያዋን የከበበቻት፣ የራሷ አስተዳደር ያላት የሀብታሞች ከተማ። እሱም መፈረም አይችልም፣ ብሩ ግን ይገባል። አንደኛው ኮከብ እዚህ ጋ ወደቀ።

ያስፈልግ የነበረው ወደ 25 ሺህ ፊርማ ነው፤ ቡድኑ ወደ 40 ሺህ አስገብቶ ጁን 2024 ላይ በቂ ነው ተባለና ጥያቄው ለሕዝብ ድምጽ አለፈ። ብዙ ሰው "ኤፍ ቢ አይ ቤቷ ስለገባ ነው የወረደችው" ሲል እሰማለሁ። ኤፍ ቢ አይ ቤቷን የፈተሸው ጁን 20 ነው፣ ፊርማው ደግሞ ከዚያ በፊት አልቋል። ክሱማ ጭራሽ ከወረደች በኋላ ጃንዋሪ 2025 ነው የመጣው፣ እሷም ጥፋተኛ አይደለሁም ብላለች። ፍተሻው ድምጽ አልጨመረም ለማለት ግን አልደፍርም።

ምርጫው ላይ ቅሬታ የለኝም። ወረቀቱ ቤት ድረስ በፖስታ ይመጣል፣ መመለሻው ቴምብር አይፈልግም፣ ለመልእክቱ ከተመዘገብክ ወረቀትህ መድረሱን በቴክስት ይነግሩሃል። ጥያቄውም አጭር ነው፦ ትውረድ ወይስ አትውረድ? እኔ ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም፤ የፈረምኩት ሕዝቡ ይጠየቅ ብዬ ነው። ኖቬምበር 5 ላይ ወደ 60 በመቶው ትውረድ አለ። የካውንቲው (ኦክላንድንና ጎረቤት ከተሞቿን የያዘው አስተዳደር) ዋና ዐቃቤ ሕግ ፓሜላ ፕራይስም በዚያው ቀን በዚያው መንገድ ተሸኘች። ታኦ በኦክላንድ ታሪክ በሪኮል የወረደች የመጀመሪያዋ ከንቲባ ሆነች።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ "ማን ይተካት?" የሚል ነገር የለም! ዲሴምበር ላይ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ኒኪ ባስ ተጠባባቂ ሆነች። እሷ የካውንቲ ወንበር አሸንፋ ስለነበር ብዙም ሳትቆይ ሄደች። ኬቨን ጄንኪንስ ተተካ። ከተማዋ በበጀት ጉድለት እየተናጠች በተጠባባቂ ከንቲባ ወራት ገፋን። ከዚያ ኤፕሪል 15፣ 2025 ሌላ ምርጫ፣ ሌላ ወጪ፣ በየፖስታ ሳጥኑ ሌላ ክምር ወረቀት። የቀድሞዋ የኮንግረስ አባል ባርባራ ሊ (በዕድሜ እናቴ ስለሚሆኑ አንቱ ልበላቸው) አሸነፉ። የተሸነፈው ማን መሰላችሁ? ሎረን ቴይለር፣ ያው በ677 ድምጽ የተበለጠው ሰውዬ። ሁለተኛው ኮከብ በዚህ ሄደ። ማውረዱ ላይ ጎበዝ የሆነ አገልግሎት መተካቱን ለሌላ ጊዜ ትቶታል።

አገር ቤት ያላችሁ "እኛ ጋ ይኸ የት አለ?" እንዳትሉኝ፣ በወረቀት አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ብሎ። የአዲስ አበባ ከንቲባ ግን የሚመረጠው በምክር ቤቱ ስለሆነ ክሊፕቦርዱን ይዛችሁ የምትቆሙት የት እንደሆነ እንጃ።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ግን አንድ ነገር። ቤት ከቀየራችሁ የመራጭ አድራሻችሁን ዛሬውኑ አስተካክሉ፣ አለበለዚያ ክሊፕቦርዱ ላይ የምታኖሩት ፊርማ ሊጣል ይችላል። አንዴ በአማርኛ አንዴ በእንግሊዝኛ የምትፈርሙም አንዱን ያዙ፤ የድምጽ ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ "አስተካክል" የሚል ደብዳቤ ይመጣላችኋል።