የሮቶ ውሃ መጠን ማሳያ፦ ለጎጃም ቤት የትኛው ይሻላል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሮቶ መኖር ከባድ ነው። ሮቶው ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በግምት ነው። አንዱ በጣቱ እያንኳኳ ድምፁ የሚቀየርበትን ቦታ ይፈልጋል። ሌላው መሰላል አቁሞ ክዳን ይከፍታል። ምንም የማያደርገው ደግሞ ሳሙና እንደተቀባ ውሃው ሲቆምበት ያውቀዋል።

አሁን ከአንድ ተራ ቱቦ ጀምሮ ስልክ ላይ እስከሚያሳይ ሴንሰር ድረስ ብዙ አማራጭ አለ። ሻጩ ሁሉንም «አሪፍ ነው» ይላችኋል። እኔ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትመልሱ እፈልጋለሁ፤ የውሃውን መጠን ብታውቁ ምን ልታደርጉበት ነው? ልብስ ዛሬ ይታጠብ ወይስ ፈረቃው ይጠበቅ የሚለውን ለመወሰን ከሆነ ግማሽና ሩብ መለየት ይበቃችኋል። መሬት ላይ ካለው ታንከር ወደ ማማው ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ካላችሁ የሚያስፈልጋችሁ ፓምፑን በጊዜ የሚያስነሳና የሚያቆም ነገር ነው። ፔንሲዮን ወይም ካፌ የምታስተዳድሩ ከሆነ ደግሞ ቦቴ መቼ እንደሚጠራ ለማወቅ ቁጥሩ ራሱ ያስፈልጋችኋል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ዕቃ ነው የሚጠይቁት።

ቱቦው

ሮቶው ግቢ ውስጥ በብረት ማማ ላይ ከቆመና ከታች ሆኖ የሚታይ ከሆነ፣ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ የሚያህል ነገር የለም። ከሮቶው ግርጌ መውጫ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ይገባል። ከዚያ ቱቦው ሮቶውን ታክኮ እስከ ክዳኑ በላይ ይወጣል። ውሃ በሁለቱም ውስጥ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ቱቦው ላይ የምታዩት ሮቶው ውስጥ ያለው ነው። መብራት አይፈልግም፤ ባትሪ አይፈልግም። ከርቀት እንዲታያችሁ ቱቦው ውስጥ የምትንሳፈፍ ቀይ ፍሬ ጨምሩበት።

እዳው ገብስ ነው ብለን ግን በዘፈቀደ አንሠራውም። የላይኛው አፉ መደፈን የለበትም። ከተደፈነ ውስጡ የታመቀው አየር ውሃውን ስለሚይዘው ቱቦው እውነተኛውን ከፍታ አያሳይም። ቆሻሻና ትንኝ እንዳይገባ በወንፊት መሸፈን በቂ ነው። ከታች ደግሞ ቫልቭ ይኑረው። ቱቦው አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ቫልቭ ከሌለ ሮቶው ሙሉ በሙሉ ግቢያችሁ ውስጥ ይፈስሳል።

ሌላው ጉዳይ ፀሐይ ነው። ሮቶ ጥቁር የሚሆነው ብርሃን እንዳያሳልፍና ውሃው አረንጓዴ እንዳያወጣ ነው። ቱቦው ግን ብርሃን ያሳልፋል። በጋው ሲገባ ግድግዳው ላይ መጀመሪያ ስስ አረንጓዴ ጭጋግ ይይዛል፤ ቀጥሎ ይወፍርና ቀዩ ፍሬ ከኋላው ይጠፋል። ስለዚህ ጥላ በሚያርፍበት በኩል አድርጉት፤ በዓመት አንዴም ቀይሩት። የጎጃም የክረምት በረዶም ቀጭን ቱቦ ይመታል። አንድ ወገኑ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ፒቪሲ ቧንቧ ውስጥ ብታስገቡት ከፀሐዩም ከበረዶውም ይተርፋል፤ በስንጥቁ በኩል ማንበብም ይቻላል።

ማንበቡ ቀላል ነው። ስፋቱ 1.10 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሮቶ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 9.5 ሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ ቱቦው አጠገብ በቀለም የተሰመረ ሜትር ይበቃል። ይህ ግን ለቆመ ሮቶ ብቻ ነው። የተጋደመ በርሜል ላይ ከፍታው ሩብ ሲደርስ የቀረው ውሃ 25 በመቶ ሳይሆን 20 በመቶ ገደማ ነው። ሩብ አለኝ ብሎ የተማመነ ሰው ከጠበቀው ቀድሞ ያልቅበታል።

ታንከሩ ውስጡ የማይታይ ትልቅ የብረት ወይም የሲሚንቶ ከሆነ የቆየው የገመድ ዘዴ አለ። ውስጥ ተንሳፋፊ፣ ከላይ መዘውር፣ ውጭ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ውሃው ሲጨምር ክብደቱ ይወርዳል። ሜትሩ ስለሚገለበጥ ለቤተሰቡ ሁሉ መንገር ያስፈልጋል እንጂ ጥሩ ነው።

ማኖሜትር

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነና ከታች የማይታይ ከሆነ ከሮቶው በሚወርደው ቧንቧ ላይ የግፊት ማሳያ (ማኖሜትር) መግጠም ይቻላል። ግፊት በሚለካበት በባር ሲቆጠር አንድ ሜትር ውሃ 0.1 ባር ያህል ይገፋል። ሮቶው ከማኖሜትሩ በላይ 6 ሜትር ላይ ከተቀመጠ ባዶ ሊሆን ሲል 0.6፣ አንድ ሜትር ተኩል ውሃ ሲይዝ 0.75 ያሳያል። የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው እስከ 10 ባር የሚያነብ ነው። እሱ ላይ የ0.15 ባር ልዩነት ቀስቷን ያነቃነቃት አይመስልም። እስከ 1 ባር የሚያነብ ካላገኛችሁ አትግዙ። ስታነቡም ቤት ውስጥ የተከፈተ ቧንቧ አይኑር።

ፍሎት ስዊችና የብረት ዘንግ

ፍሎት ስዊች ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ መጠን አያሳይም። «ደርሷል» እና «ወርዷል» ብቻ ነው የሚያውቀው። ሆኖም ፓምፕ ላለው ቤት ከየትኛውም ስክሪን በፊት መገዛት ያለበት እሱ ነው። ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ላይኛው ሮቶ ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆም፣ ሌላው የታችኛው ታንከር ሲያልቅ የሚያቆም። ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ነው። ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደውን ማኅተሙን ያቃጥላል፤ የፓምፕ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ 220 ቮልት የያዘ ሽቦ ልጆች የሚጠጡት ውሃ ውስጥ አታስገቡ። ሽቦው ዓመታት ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ሽፋኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኤሌክትሪሻኑ ፍሎቱን በ12 ወይም በ24 ቮልት ያስኪደው፣ ፓምፑን ደግሞ በኮንታክተር (በትንሽ ቮልት በሚታዘዝ ማብሪያ) ያስነሳው። በዚያ ላይ በ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ልቅታ የሚቆርጥ ብሬከር ያስገባ።

ከፍሎቱ ጎን ለጎን የሚሸጠው በየከፍታው ዘንጎች ያሉት ባለ መብራት ማሳያ ነው። ውሃው ዘንጉን ሲነካ አምፖሏ ትበራለች። ርካሽ ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ዘንጎቹን ይበላቸዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ካላችሁ ዘንጎቹንም ይሸፍናቸዋል። ተጓዦች የሚያድሩባቸው ካምፐር መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በብዛት ይዘውት የሚመጡት የዚህን ዘመድ ነው። ባዶ፣ ሲሶ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሙሉ፤ ሌላ አያውቅም። የመጸዳጃ ታንካቸው ላይ ደግሞ ቆሻሻ ዘንጎቹ ላይ ተጣብቆ ታንኩ ተደፍቶም «ሙሉ ነኝ» ይላል። የካምፐር ባለቤቶች ማሳያቸውን ወደ ማሻሻል የሚገቡት በአብዛኛው በዚህ ተማርረው ነው።

ከውጭ የሚለጠፈው

ካምፐሮቹ ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ከታንኩ ውጭ የሚለጠፍ ስስ ጥብጣብ ነው። የታወቀው የካናዳው ጋርኔት ኩባንያ የሚሠራው ሲሌቭል ነው። ውሃውን ሳይነካ በፕላስቲኩ ግድግዳ በኩል ይለየዋል። ታንኩ አይበሳም፤ ዘንግ አይዝግም። ለመኪና ታንክ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው።

ለሮቶ ግን አልመክረውም። ጥብጣቡ ለጥ ያለ ግድግዳ ላይ ሙሉ በሙሉ መጣበቅ አለበት። ሮቶ ክብ ነው፤ ወገቡ ላይም ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተነሳ መስመር አለው። በየቀለበቱ ሥር አየር ሲገባ ንባቡ ይዘላል። የብረት ታንከር ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

በድምፅ የሚለካው

አልትራሶኒክ ሴንሰር ክዳን ላይ ተቀምጦ የማይሰማ ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ውሃ ስለማይነካ ንጹሕ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ ያለ ሽቦ ቤት ውስጥ ካለ ትንሽ ስክሪን ጋር የሚገናኝም አለ።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ርካሾቹ ውሃ የማያስገቡ ሴንሰሮች ከአፍንጫቸው ሥር ያለውን 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር አያዩም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ቁጥሩ ይዘባረቃል፤ ስለዚህ ከክዳኑ ከፍ አድርጎ መትከል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ድምፅ በሞቀ አየር ይፈጥናል። ባሕር ዳር በቀትር ፀሐይ የተጋለ ሮቶ ውስጥ አየሩ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ቢወጣ ንባቡ በመቶ ሦስት ተኩል ያህል ይዛነፋል። ሙቀቱን ራሱ ለክቶ የሚያስተካክል ግዙ። ሦስተኛ፣ እንጅባራንና ደብረ ማርቆስን በመሰለ ብርዳማ ቦታ ንጋት ላይ ሴንሰሩ ፊት ላይ የውሃ ጠብታ ይቋጥራል። ጠብታው እስኪወርድ ድረስ የሚያሳየውን አትመኑ።

በግፊት የሚለካው፣ የከፍታችንም ነገር

ለፔንሲዮን፣ ለካፌ፣ ለክሊኒክ የምመርጠው ታንከሩ ሥር የሚቀመጠውን የግፊት ሴንሰር ነው። ሙቀትና ጠብታ አያሳስተውም። ከመግቢያው የሚወርደው ውሃም አያውከውም። ነገር ግን የእኛን አገር ከፍታ ሳያስብ የገዛ ሰው ይጎዳል።

ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከገመዱ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ አለው። በእሱ በኩል የውጩን አየር ግፊት ስለሚያውቅ የሚያሳየው የውሃውን ብቻ ነው። ሌላው ድፍን ነው፤ የውሃውንም የአየሩንም ግፊት አንድ ላይ ይደምራል። ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል (ሌላው የግፊት መለኪያ) ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 82 አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች 75 አካባቢ ነው። አንድ ሜትር ውሃ 9.8 ኪሎ ፓስካል ነውና፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ድፍን ሴንሰር ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል አሳንሶ ያሳያል። ይህ ከብዙ ሮቶ ቁመት ይበልጣል። ሮቶው ጢም ብሎ ሳለ «ባዶ» ይላችኋል ማለት ነው።

ቤት ውስጥ አንዴ አስተካክሎ መተው ይቻላል እንበል። የውሃ ታንክ ይዞ ለሚጓዝ መኪና ግን አይሆንም። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ድልድይ ሲወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በዚያች ቁልቁለት ብቻ ድፍኑ ሴንሰር ታንኩ ላይ አንድ ጠብታ ሳይጨመር ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ «ይጨምርለታል»። የመኪናው ታንክ ራሱ አንድ ሜትር አይቆምም። ስለዚህ ባለ አየር ቱቦውን ብቻ ግዙ። የቱቦውም ጫፍ ደረቅ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ እርጥበት ከገባበት ይደፈንና ከድፍኑ አይለይም።

መብረቅና መብራት

በክረምት ጎጃም ላይ የሚወርደውን ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ። ከጣሪያ እስከ ሳሎን የተዘረጋ ረጅም ሽቦ መብረቅ አቅራቢያው ሲወድቅ ኃይሉን ይዞ ይገባል። ሴንሰሩ ብቻ ሳይሆን የተያያዘበት ዕቃ ሁሉ ይቃጠላል። ባለ ሽቦ ከመረጣችሁ መብረቅ ተከላካይና ጥሩ የመሬት ሽቦ ይኑረው። የእኔ ምርጫ ለጣሪያ ባትሪ የያዘ፣ ሽቦ አልባ ነው።

ስልክ ላይ በዋይፋይ የሚያሳየውም ያምራል። መብራት ሲጠፋ ግን ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ ፓምፑም የሚቆመው፣ ውሃው የሚያሳስባችሁም በዚያው ሰዓት ነው። ከርቀት ማወቅ የግድ ከሆነባችሁ ሲም ካርድ የሚቀበልና በአጭር መልእክት የሚናገር ከራሱ ባትሪ ጋር ግዙ። ለተራ ቤተሰብ ግን ለዚህ ብር ማውጣት አይታየኝም። ያንን ብር ሁለተኛ ሮቶ ግዙበት።

ሱቅ ስትሄዱ

ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ባለ ሱቁን አንድ ባልዲ ውሃና ሜትር ጠይቁት። የግፊት ሴንሰሩን 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ 30 ገደማ ማሳየት አለበት። ስታወጡት ወደ ዜሮ ይመለስ። ባልዲው ወለል ላይ ሲያርፍ 30 ብሎ አየር ላይም 20 ካለ መልሱለት። አልትራሶኒኩን ደግሞ ባልዲው ላይ ከሜትር ርቀት ያዙትና ውሃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ቁጥሩ ሳይዘል መከተል አለበት። ባትሪው የትኛው ዓይነት እንደሆነም እዩ። ከተማችሁ ውስጥ የማይገኝ ባትሪ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።