ክራር ለመማር ብር ከመላካችሁ በፊት

ክራር ልማር ብላችሁ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ የምታስሱ ሁሉ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ "የባህል ሙዚቃ ማሰልጠኛ" ነኝ ብሎ የሚያስተዋውቅ አንድ ቦታ የእኔንም፣ አብረውኝ የተመዘገቡትንም ገንዘብ ይዞ ቀርቷል። ስሙን አልጠራም። አሠራሩን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። በሌላ ስም ይህንኑ የሚሠሩ ስላሉ፣ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ማወቁ ይጠቅማችኋል።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ጎበዝ ክራር ተጫዋች ይታያል። እጁ ያምራል፣ ድምፁም ያምራል። ከሥሩ "በሦስት ወር ክራር ተጫዋች ይሁኑ፣ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ይውሰዱ፣ የቀረን ቦታ ጥቂት ነው" ይላል። ስትደውሉ በጣም ትሑት የሆነች ልጅ ታነሳለች። ዋጋው 15,000 ብር ነው፣ እስከ ዓርብ ከከፈላችሁ ግን 12,000 ይሆንላችኋል ትላለች። የሦስቱም ወር ክፍያ ባንድ ጊዜ ነው። ገንዘቡ የሚገባው ደግሞ በድርጅቱ ስም አይደለም። በአንድ ግለሰብ የንግድ ባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር ላይ ነው። ደረሰኝ ስትጠይቁ "ስትመጡ እንሰጣችኋለን" ይባላል። እኛ ሄድን። ደረሰኙ እስከ ዛሬ አልመጣም።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስንገባ ማስታወቂያው ላይ ያየነው ሰው የለም። "እሱ የሚያስተምረው ከፍተኛ ደረጃ የደረሱትን ነው" ተባልን። ከፍተኛ ደረጃ የሚባለው ሌላ ሦስት ወር ነው፣ ሌላ ክፍያ ነው። እኛን እንዲያስተምር የተመደበው ራሱም ገና በመማር ላይ ያለ ወጣት ነበር። በእሱ አልፈርድም። ልጁ ቅን ነው፣ የሚችለውን ያህል ለፍቷል። በኋላ እንደነገረን የእሱም ደሞዝ አልተከፈለም ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከሃያ የማናንስ ተማሪዎች ነበርን። አንዳንዱ ትምህርት ለብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የክራር ጀማሪን ግን እንዲህ ማስተማር አይቻልም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ክራር በዋናነት በሁለት መንገድ ይጫወቱታል፤ ድርደራና ግርፍ። ድርደራ ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ መንካት ነው። በግርፍ ጊዜ ግን ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ባንዴ ይመታል፣ የማይፈለገውን ድምፅ የሚያፍኑት ደግሞ የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። አንዷ ጣት ትንሽ ከለቀቀች ዜማው ውስጥ የማይገባ ድምፅ ይሰማል። ተማሪው የትኛዋ ጣት እንደለቀቀች ራሱ አያውቅም። አጠገቡ ተቀምጦ እጁን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ሃያ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ስንት ደቂቃ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ከዚህ የባሰው የቅኝቱ፣ ማለትም ክሮቹን ከዜማው ድምፆች ጋር የማስማማቱ ጉዳይ ነው። ክራር በአብዛኛው ስድስት ክር አለው። ቅኝታችን ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ስድስተኛው ክር አንዱን ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል። ከአንዱ የዜማ ቅኝት ወደ ሌላው፣ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ስትሄዱ ክሮቹን እያጠበቃችሁና እያላላችሁ እንደገና መቃኘት አለባችሁ። ሃያ ክራር አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሃያውም ቅኝቱ የተለያየ ነው። ልጁ እየዞረ ይቃኝልናል። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ክራር ቅኝቱ ወርዷል። ሰዓቱ በዚሁ ያልቃል። ከዚያ አንድ ልምምድ ባንድ ላይ እንመታለን፣ "በሚቀጥለው እንገናኝ" ተብሎ እንበተናለን። ራሳችን እንድንቃኝ አንድም ቀን አልተማርንም። ቤት ስንገባ ክራሩ ከወረደ እስከሚቀጥለው ክፍል ድረስ መለማመድ አይቻልም ማለት ነው። መቃኘት ያልተማረ ሰው የትምህርት ቤቱ ጥገኛ ሆኖ ይኖራል። እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይህ ነው።

ክራሩን ከእነሱ መግዛት ግዴታ ነው። ዋጋው 5,500 ብር ነበር። ከመካከላችን አንድ ሰው የአጎቱን ክራር ይዞ መጣ። ጥሩ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ያለው ክራር ነው። "ከውጭ የመጣ ክራር ከእኛ ቅኝት ጋር አይሄድም" ብለው መለሱት። ይህ ፈጽሞ ውሸት ነው። ቅኝት ከሻጩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ደህና የተሠራ ክራር ሁሉ ወደ ፈለጋችሁበት ይቃኛል።

እነሱ የሸጡልን ክራር ለዓይን ያምራል። ቀለም ተቀብቷል፣ ባንዲራ አለው፣ ዛጎል ተለጥፎበታል። ግን እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ስለነበር ውሎ ሲያድር ጠመመ። ክሩ ቀንበሩ (ከላይ ያለው አግድም እንጨት) ላይ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ላላ ያለ ስለሆነ ክሩ ይንሸራተታል። ቆዳው ሲወጠር በደንብ አልተወጠረም፣ ትንሽ እርጥበት ሲነካው ይላላና ድምፁ ይታፈናል። እንዲህ ዓይነቱን ክራር ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት ማስታወሻ የሚሸጡት ሱቆች ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚያ ለግድግዳ ጌጥ ነው፣ ገዢውም ያንን ያውቃል። ለተማሪ "የመማሪያ ክራር" ብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው።

በሁለተኛው ወር ገደማ ብዙዎቻችን የቀረው ገንዘብ ይመለስልን ብለን ጠየቅን። "በደንባችን መሠረት የተከፈለ አይመለስም" አሉን። ደንቡን ያየነው ከከፈልን በኋላ ነው። በስልክም አልተነገረንም፣ ማስታወቂያውም ላይ የለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃም ሆነ አገልግሎት ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሌላ ሰው አሳይቶ ሌላ ሰው ማቅረብ፣ ደንቡን ከክፍያ በኋላ ማውጣት፣ ደረሰኝ መከልከል፣ እነዚህ ሁሉ "እንግዲህ ምን ይደረግ" ተብለው የሚታለፉ አይደሉም።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። "ዓለም አቀፍ" የሚለው ቃል ባዶ ነው። ወረቀቱን የሚያትሙት ራሳቸው ናቸው። ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ በምዘና የሚገኝ ነው፣ የሚመዝነውም አሰልጣኙ ራሱ አይደለም። ክራር ለራሳችሁ ደስታ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ምን ይሠራላችኋል?

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ክፍላችን ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲመኙት የኖሩትን ክራር ሊማሩ የመጡ ናቸው። የአስናቀች ወርቁን፣ የካሳ ተሰማን፣ የሜሪ አርምዴን ክራር በሬዲዮ እየሰሙ ነው ያደጉት። ሁለት ወር ተመላልሰው አንድ ዜማ እንኳ ሳይዙ ሲቀሩ "ልጄ፣ እኔ ለካ ጆሮ የለኝም" አሉኝ። ጆሮማ አላቸው! ክራሩ ሲወርድ ከሁላችንም ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ። የሌላቸው አስተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ገብተው ተስፋ የቆረጡ ስንት ሰዎች ክራራቸውን ሰቅለው "አልችልም" ብለው ቀርተው ይሆን? ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ደጉ ነገር፣ እውነተኛ አስተማሪዎች ሞልተዋል። ችግሩ ማስታወቂያ አያሠሩም። ድሮ ሰፈር ውስጥ "እከሌ ክራር ያስተምራል" ይባል ነበር፣ በጎረቤት ትደርሱበታላችሁ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ ግን ብዙ ሰው ተበተነ፣ ያ ወሬም አብሮ ተቋረጠ። ስለዚህ ሰው ወደ ስልኩ ዞሯል። እኔ እንዳገኘሁት ግን ትንሽ እግር ካንቀሳቀሳችሁ አይጠፉም።

አንደኛው መንገድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ይሰጣል። ከተማሪዎቹና ከተመራቂዎቹ መካከል በግል የሚያስተምሩ አሉ። በር ላይ ሄዳችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ሌላው የባህል ምሽት ቤት ነው። ማታ መድረክ ላይ የሚጫወቱት ብዙዎቹ ቀን ላይ ነፃ ናቸው። ሲጫወቱ አይታችኋቸዋል፣ ሰምታችኋቸዋል፣ ስለዚህ ከማስታወቂያ ቪዲዮ ይልቅ እነሱን ማመን ይቀላል። ዕረፍት ሲወጡ ቀረብ ብላችሁ አናግሯቸው። በገና የምትፈልጉ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቶችን ጠይቁ። በየክፍለ ከተማው ያሉ የወጣት ማዕከላትንም ጠይቁ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ።

አስተማሪ ስታገኙ መጀመሪያ "አንተን ማን አስተማረህ?" በሉት። ወይም "አንቺን"። በባህል መሣሪያ ተጫዋቾች ዘንድ ሰው አስተማሪውን በስም ይጠራል። በገና ደርዳሪዎችን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ በያሬድ ትምህርት ቤት ያስተማሩትን ዓለሙ አጋን በክብር ያነሳሉ። ከአያቱ የተማረም ከአያቴ ይላል፣ ራሱን ያስተማረም በግልጽ ይናገራል። መልሱን የሚያድበሰብስ ከሆነ ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ "ራሴ እንድቃኝ መቼ ነው የምታስተምረኝ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ አስተማሪ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ያስነካችኋል። ጆሯችሁ እንዲለምድ ክሩን ሆን ብሎ አላልቶ "መልሰው" ይላችኋል።

የሦስት ወር ክፍያ ባንድ ጊዜ አትክፈሉ። በክፍለ ጊዜ ወይም ቢበዛ በወር ይሁን። አሁን የማስተምራችሁ እኔ ነኝ የሚላችሁ ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ አንድ ትምህርት ሳይሰጣችሁ ብር አትላኩ። ድርጅት ከሆነ ንግድ ፈቃዱን ጠይቁ። ቲን ቁጥሩን ይዛችሁ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ ፈቃዱ ያለ መሆኑን ማየት ትችላላችሁ። የሒሳቡ ስም የግለሰብ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ብቻውን ቤቱ የሚያስተምር ሰው በራሱ ስም ቢቀበል ያለ ነው። ድርጅት ነኝ የሚል ግን ድርጅት ሆኖ ይቀበል። ክራር ለመግዛትም አትቸኩሉ። አስተማሪያችሁ አብሯችሁ ሄዶ ቢመርጥላችሁ፣ ወይም ለመጀመሪያው ወር የራሱን ቢያውሳችሁ ይሻላል።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ቃል። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ለልጆቿ "የኦንላይን ትምህርት" ብላ ለዚሁ ማሰልጠኛ በዶላር ከፍላ ነበር። የደረሳት አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ልጅ ቪዲዮ እያየ እጁን ማረም አይችልም። በቀጥታ ፊት ለፊት የሚታይ አስተማሪ ካልሆነ አትክፈሉ። ደግሞ እዚያው አካባቢያችሁ የሚጫወቱ አበሾች አሉ፣ ኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ውስጥ ቅዳሜ ማታ ፈልጓቸው።

ያ ማሰልጠኛ አሁን አዲስ ዙር እየመዘገበ ነው። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ትምህርቱ ሳይጀመር ገንዘባችሁ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ ብቻ አትተዉት። ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና የባንክ ማረጋገጫውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ማስታወቂያውን አንዳንዴ ያጠፉታል። እኛ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የጋራ ማመልከቻ እያዘጋጀን ነው። ማስረጃ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስማችሁን አብረን እናስገባለን።