የአጣጥ ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ፦ ከምጥ ቀድሞ የሚደርስ አገልግሎት

በጉራጌ ዞን፣ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአጣጥ ካቶሊክ ሆስፒታል ብዙ የሚነገርለት ሥራ አለው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው ለነፍሰ ጡሮች ያዘጋጀውን ማቆያ ነው። የወንድሜ ባለቤት የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና ስለወለደች፣ ሁለተኛውን ስትጠብቅ ቀኗ ሳይደርስ እንድትገባ ተመክራ እዚያ ቆይታለች፤ እኔም ስጠይቃት አሠራሩን በቅርብ ለማየት ችያለሁ።

አሠራሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ወሊዷ ያሰጋል የተባለች እናት ምጥ እስኪይዛት ድረስ ገጠር ቤቷ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ከአንድ አስታማሚ ጋር መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትቀመጣለች፤ ስንቋን ይዛ ትመጣለች፣ ምግቧንም እዚያው ታበስላለች፤ ምጡ ሲጀምር በእሷና በቀዶ ሕክምና ክፍሉ መካከል ያለው መንገድ የግቢው ስፋት ብቻ ይሆናል። ማቆያው የሆስፒታል ዋርድ አይመስልም። ቆጮው ይጋገራል፣ ጎመኑ ይከተፋል፣ ቡና ይፈላል፤ ከዚህ በፊት የወለደችው ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልደው ታወራላታለች። አዋላጇ መጥታ የአንዷን ሆድ በእጇ ከዳሰሰች በኋላ የጽንስ ልብ ማዳመጫውን ቀንድ አሳርፋ ጆሮዋን ስትደፋ ግን ጨዋታው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ «ደህና ነው» ስትል ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚህ ሁሉ ለእኔ ትልቁ አገልግሎት ይህ ፍርሃትን በጋራ መያዝ ነው፤ በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ምንጩ እምነት ነው። ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1969 የከፈቱት የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተባሉት መነኮሳት ሲሆኑ፣ ማኅበራቸውን በ1925 በዋሽንግተን ያቋቋመችው ኦስትሪያዊቷ ሐኪም አና ዴንግል ናት። ዴንግል በራዋልፒንዲ፣ በዛሬዋ ፓኪስታን፣ ስትሠራ ሴቶች በባህላቸው ምክንያት ወንድ ሐኪም ዘንድ ቀርበው መታከም ስለማይችሉ በከንቱ ሲሞቱ አይታለች። በዚያን ጊዜ ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መነኮሳት ሐኪም ሆነው እንዳይሠሩ፣ በተለይም እንዳያዋልዱ ይከለክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1936 ነው። እምነቷ ያዘዛትንና የእምነቷ ሥርዓት የከለከላትን በአንድነት ይዛ፣ ቤተ ክርስቲያኗን ሳትተው በሩ እስኪከፈት ድረስ ያንኳኳችው ይህች ሴት ናት እንግዲህ የአጣጥ መሠረት። በእመቤታችን በሉርድ ማርያም ስም በተሰየመው በዚህ ግቢ ኦርቶዶክሷም፣ ሙስሊሟም፣ ካቶሊኳም ጎን ለጎን ተኝተው ሲጠብቁ ሳይ፣ ያ ሁሉ ትግል ለማን እንደነበረ ገብቶኛል።

ማቆያው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆየ ነው። ውጤቱን በሚመለከት፣ በዚያው አቆጣጠር ከ1987 እስከ 2008 ድረስ ያለውን የሆስፒታሉን መዝገብ የመረመረ ጥናት በ2010 የታተመ ሲሆን፣ በማቆያው ከቆዩት 6,805 እናቶች መካከል የእናቶች ሞት በ100,000 ሲሰላ 90 ገደማ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት 17,343 መካከል ግን ከ1,300 በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሞቶ የተወለደ ሕፃን በማቆያው ከ1,000 ወሊድ 18 ያህል፣ በሌላው ወገን 191 ነበር። ንጽጽሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ ምክንያቱም በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠና በኋላ በቃሬዛ ተይዘው የደረሱ ናቸው፤ ስለዚህ ልዩነቱን የፈጠረው ማቆያው ብቻውን ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በማቆያው የነበሩት ከመነሻው ያሰጋሉ ተብለው የተለዩ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ቁጥሩ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በቃሬዛ የመጣችውም የምታስፈልጋት አስቀድማ የምታርፍበት ቦታ ነበረ።

ሆስፒታሉ በአልጋ ብቻ አለመወሰኑንም መጥቀስ ይገባል። ከግቢው ውጭ በየቀበሌው ከሕዝቡ ጋር ኮሚቴ አቋቁሞ ምንጭ በማጎልበት፣ በክትባትና በጤና ትምህርት ሲሠራ ኖሯል፤ በተበከለ ውኃ የታመመን ሕፃን አክሞ ወደዚያው ውኃ መመለስ ምን ይጠቅማል? ጀርመናዊቷ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሲስተር ሪታ ሺፈርም ለረጅም ዓመታት በዚህ ግቢ አገልግለዋል።

ማቆያ የሚባለው አሠራር ዛሬ በአገራችን በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል፤ በየትም ቦታ ቢሆን ግን አንድ ያልተፈታ ጥያቄ አብሮት ይሄዳል። እናት ለሳምንታት ከቤቷ ስትርቅ የሚቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? እንሰቱን ማን ይፍቃል? ስንቁስ ከየት ይምጣ? የተሻለ ኑሮ ያላት ትገባለች፤ ድሀዋ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት፣ ልትቀር ትችላለች። አብያተ ክርስቲያናትና የአካባቢው እድሮች እምነታቸውን በሥራ ማሳየት ከፈለጉ፣ ለአንዲት እናት የሦስት ሳምንት ስንቅና ቤቷን የሚጠብቅላት ጎረቤት ማዘጋጀት ከአቅማቸው በላይ አይመስለኝም።

አገልግሎቱን ለማን እመክራለሁ? በቀዶ ሕክምና ለወለደች፣ መንታ ለያዘች፣ ጽንሱ ያለ ቦታው ለሆነባት፣ ፊስቱላ ለታከመች፣ ቤቷም ከመኪና መንገድ ለራቀባት ሁሉ። የክትትል ካርዷን ይዛ፣ ከቀኗ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ ትግባ። ባልና አማትም በጉዳዩ ላይ አስቀድመው ይምከሩበት፤ በተለይ በክረምት፣ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት።