ድሬዳዋ ላይ ድስት ለምትገዙ፦ ከቀብድ በፊት ቂጡን እዩ

ለእረፍት ወደ ድሬዳዋ መጥታችሁ ለእናት ወይም ለአክስት የወጥ ቤት ዕቃ ልትገዙ ካሰባችሁ ለማንም ሱቅ ቀብድ አትክፈሉ። «ዕቃው ከመጋዘን ይመጣል» ከተባላችሁ «ሲመጣ እንመለሳለን» በሉና ውጡ። ይህን የምለው ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ውስጥ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሱቅ ገንዘቤም ትዕግሥቴም ስላለቀ ነው። ደግነቱ በኋላ ሌላው የከተማዋ ገበያ፣ ቀፊራ በኩል ሥራዋን የምታውቅ ሴት ስላገኘሁ የምጽፈው ሁሉ እሮሮ አይሆንም።

አክስቴ የምትኖረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ወጥ የምትሠራባቸው ሁለት የአሉሚኒየም ድስቶች በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም። ቂጣቸው ወደ ውጭ አብጦ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ይሽከረከራሉ እንጂ አይቀመጡም። መብራት ሲጠፋ ከሰል ላይ ይጣዳሉ፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ይሽከረከራሉ። ያሳሰበኝ ግን ትልቁ ነው፤ ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጦ የተሠራ፣ ውስጡ ሻካራ፣ በጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁን የሚያጠቁር ድስት። እኔ የምኖርበት የሲያትል አካባቢ፣ የኪንግ ካውንቲ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ከአፍጋኒስታን የመጡ ቤተሰቦች ይጠቀሙባቸው ከነበሩ የአሉሚኒየም ድስቶች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት አግኝተው ብዙ ተወርቷል። የዋሽንግተን ግዛትም በ2024 እ.ኤ.አ. በማብሰያ ዕቃ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። ጥፋቱ የአሉሚኒየሙ አይደለም፤ አብሮት የሚቀልጠው ነገር ነው። የሞተር ክፍል ይሁን አሮጌ ራዲያተር፣ ከምን እንደቀለጠ አይታወቅም፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ምግብ ሲፈላበት ደግሞ የባሰ ይለቃል። ይህን ሁሉ ለአክስቴ ሳስረዳት «ስንት ዘመን በልተንበታል፣ ምን ሆንን?» ብላ ሳቀች። እኔም ስቄ ወደ ገበያ ወጣሁ።

ታይዋን የደረስኩት ጠዋት ነው። የሱቁ መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ድረስ በሚያብለጨልጭ ዕቃ ተሞልቷል። ከመካከላቸው ስምንት ሊትር የሚይዝ አንድ አይዝጌ ድስት ነበር፤ ሳነሳው ከበደኝ፣ ገልብጬ ቂጡን ሳየው ወፍራምና ዝርግ ነው። የምፈልገው እርሱን ነበር። የአጎቴ ልጅ በዋዜማው በስልክ ሲጠይቅ 6,800 ብር ብለውታል። እኔ ስጠይቅ 9,500 ሆነ። ጫማዬን አይቶ ይሁን ንግግሬን ሰምቶ፣ ሻጩ «ዶላር ጨምሯል እኮ አቦ» አለኝ። በአንድ ሌሊት። ተከራክረን 8,000 ላይ ተስማማን። ልከፍል ስል ድስቱን ከእጄ ወሰደና «ይህ የማሳያ ነው፣ ተጭሯል። ላንተ አዲሱን ከመጋዘን አስመጣልሃለሁ» አለ። 4,000 ብር ቀብድ ተቀበለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ቀሪውን ስትከፍል አንድ ላይ እቆርጥልሃለሁ» ብሎ የብሩን መጠን በሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ላይ ጻፈልኝ።

«ነገ ጠዋት ና» ነበር ቀጠሮው። በማግስቱ ስሄድ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ጅግጅጋ ሄዷል። በሌላው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ ሱቁ ተቆልፏል፤ በረንዳው ላይ የተቀመጡት ልጆች ሻጩ የጫት በርጫ ላይ እንደሆነና ከአሥር ሰዓት በፊት እንዳልደክም ነገሩኝ። በአሥር ሰዓት ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ዕቃው ኬላ ላይ ተይዟል ተባልኩ፣ ከቶጎ ጫሌ ሲመጣ። መጋዘን ውስጥ አለ የተባለ ድስት ኬላ ላይ ሊያዝ የሚችለው እንዴት እንደሆነ ስጠይቅ ሻጩ ስልኩን አንስቶ ከማላውቀው ሰው ጋር በሶማልኛ ረዘም ያለ ጨዋታ ጀመረ። መጋዘኑ እግር አውጥቶ ድንበር ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳትም ተወ። ከሰው አገር የሚመጣ ሠራተኛ እረፍቱን በቀን ቆጥሮ ነው የሚመጣው፤ እኔ ከእናቴ መቃብር እስከ ልጅነት ጓደኞቼ ድረስ ላዳርሰው ያሰብኩትን ጊዜ በባጃጅ ወደ ታይዋን በመመላለስ ጨረስኩት።

በመጨረሻ ካርቶኑ መጣ፣ በፕላስተር እንደታሸገ። «ልክፈተው» ስል «የፋብሪካ እሽግ ነው፣ ቤትህ ክፈተው፣ እዚህ አቧራ ነው» አለኝ። ቀሪውን 4,000 ከፈልኩ። ደረሰኝ? ማሽኑ ወረቀት ጨርሷል።

ቤት ገብተን ስንከፍተው ላዩ ያው ነው። ያው ክዳን፣ ያው እጀታ፣ ቂጡ ላይም ያው «18/10» የሚል ማኅተምና የጀርመን ስም። ግን በሁለት ጣት ይነሳል። ሲያንኳኩት እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። አክስቴ ምንም ሳትናገር ሽንኩርት ከትፋ ጨመረችበትና እንደ ልማዷ ያለ ዘይት ታቁላላ ጀመር። ብዙም አልቆየ፤ የምድጃው ጥምዝ ሽቦ ቅርጽ እስኪታይ ድረስ ሽንኩርቱ በክብ በክብ ጠቆረ፣ ዳር ዳሩ ያለው ገና ነጭ ነው። በማማሰያው ብትታገለውም ያረረው ከሥሩ አልለቅ አለ።

ይዤው ስመለስ «ምግብ ተሠርቶበታል፣ አይመለስም» ተባልኩ። በእርሱ ፈንታ አሥራ ሁለት ዕቃ ያለው ባለ ቴፍሎን ስብስብ «በቅናሽ» ውሰድ አለኝ፤ 3,000 ብር ጨምሬ። ሲያትል ቢሆን ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ገንዘቤን ትመልሳለች፣ አለቀ። እዚህ ግን ደረሰኝ የለኝም። ያለችኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ ገና ደጃፉን ሳታልፍ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ለመሸሽ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። አባቱ ከሟች አጎቴ ጋር ምድር ባቡር ውስጥ አብረው የሠሩ ሰው ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ስለ ድስት አልተወራም። አባቱ እንዴት እንደከረሙ፣ እናቱ ስኳሩ እንደተሻላቸው፣ ታናሽ እህቱ መቼ እንደምትዳር ተወራ፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ መጣልን። መጨረሻ ላይ አክስቴ ተነሥታ «በል፣ የልጁን ገንዘብ ስጠው» አለች። 7,000 ብር ቆጠረ። 1,000 ብር «ለትራንስፖርት» አስቀረ። የማን ትራንስፖርት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ስንወጣ ያ የማሳያ ድስት መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ ለሚቀጥለው ሰው።

ስለ ማኅተሙ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው በእርሱ ይታለላል። 18/10 ማለት ብረቱ ውስጥ 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል አለ ማለት ነው። እውነተኛ ከሆነ አይዝግም፣ የምግብ ጣዕም አይለውጥም። ስለ ውፍረት ግን ምንም አይናገርም። አይዝጌ ብረት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነው፤ አሉሚኒየም ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ ጥሩ አይዝጌ ድስት ቂጡ ውስጥ፣ ከሁሉ የተሻለው ደግሞ ግድግዳውም ውስጥ፣ በሁለት አይዝጌ ብረት መካከል የተቀበረ አሉሚኒየም አለው። ፓስታ ለሚቀቅል ሰው ስስ ድስት ችግር የለበትም፤ ውሃው ሙቀቱን ያዳርሰዋል። የእኛ ወጥ ግን የሚጀምረው ያለ ውሃና ያለ ዘይት ለረጅም ጊዜ ከሚቁላላ ሽንኩርት ነው፤ የድስት ማንነት የሚታወቀው እዚያ ነው።

ቀጠሮው በሚራዘምበት ሰሞን በንዴት የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር አድሬ ነበር። ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ያሉ ዘመዶቼ ቤት ግድግዳው በሳህንና በስፌት እንዳጌጠ ነው፤ እዚያ ለዓይን የተሰቀለው ለዓይን ነው፣ የሚበላበት ሌላ ነው፣ ማንም አይታለልም። ሸዋ በር አጠገብ ያለ አንድ ነጋዴም ቀለል ያለ ድስት ሳነሳ አይቶ «ይህ ለሻይ ውሃ ነው፣ ወጥ አይችልም» አለኝ። የምፈልገው መጠን ስላልነበረው ባዶ እጄን ወጣሁ፤ የተናገረው ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም።

የቀፊራዋ ሴት ሱቋ ጠባብ ነው፤ ዕቃው የተደረደረው ለውበት አይደለም። ስምንት ሊትር አይዝጌ ድስት አልኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ብር አልነበረም፤ «በምን ላይ ነው የምትጥደው?» ነው ያለችኝ። በኤሌክትሪክም በከሰልም ስላት የላስቲክ እጀታ ያላቸውን ሁሉ ወደ ጎን ገፋቻቸው፤ ከሰል ላይ ይሸታሉ፣ ከዚያ ይሰነጠቃሉ። የቀሩትን ገልብጣ የቢላዋ ጀርባ ቂጣቸው ላይ አጋደመች። በቢላዋውና በድስቱ መካከል ብርሃን የሚያሳልፈውን መለሰችው፤ ዝርግ ያልሆነ ድስት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መብራት ያባክናል። ከዚያ ለራሷ ሻይ ያቀጣጠለችው ከሰል ላይ ድስቱን ጣደችና ትንሽ ውሃ ጨመረችበት። «አረፋው ከየት እንደሚነሣ እይ» አለችኝ። ከመሐል ብቻ አልነበረም፤ በቂጡ ሙሉ፣ እስከ ዳር ድረስ እኩል ይነሣ ነበር። በክር የታሰረ ማግኔትም አላት። እንደ እኔ ውጭ አገር በማግኔት የሚሠራ ምድጃ ያለው ሰው ሲመጣ ታወጣዋለች፤ ማግኔቱ ቂጡ ላይ ካልተለጠፈ ድስቱ እዚያ ምድጃ ላይ አይሞቅም። ለአክስቴ አያስፈልጋትም፣ ግን አሳየችኝ።

አሥራ ሁለት ዕቃ ያለው ስብስብ ስጠይቃት «ለማን? ለሠርግ?» አለች። በየቀኑ ለምትሠራ ሴት ከትልቁ ድስት ሌላ ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም መካከለኛ ድስት ለሩዝና ለሾርባ፣ አንድ ወፍራም መጥበሻ፣ ከቻልክ ደግሞ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ይበቃታል ባይ ናት። ትክክል ናት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐረር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቦሎቄ ሲያትል ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ቢቆይ አይገርምም፤ የእንፋሎቱ ድስት ግን ጊዜውን በብዙ ያሳጥራል፣ ከሰሉንም ይቆጥባል። ስትገዙ የክዳኑ ጎማ ያልደረቀ መሆኑን እዩ፤ መለዋወጫ ጎማ ከሌለው ተዉት።

መጥበሻውን ቴፍሎን አላደረግሁትም። ለእንቁላል ጥሩ ነው፤ ሽፋኑ ግን ከ260 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መበላሸት ይጀምራል፣ ባዶውን የተረሳ መጥበሻ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። አክስቴ እሳት ላይ ጥዳ ጎረቤት ጠርቷት የምትወጣ ሴት ናት፤ በብረት ማንኪያም ትፍቀዋለች። ስለዚህ ወፍራም የብረት መጥበሻ ወሰድኩላት፤ በዘይት ሲሟሽ እያደር እየለሰለሰ ይሄዳል። ሽሮዋን የምትሠራበትን የሸክላ ድስት አልነካሁም። ቁርጥራጭ ብረቱ ድስት ደግሞ ከወጥ ቤት ወጥቶ ልብስ መዘፍዘፊያ ሆኗል፤ ከረጅም ድርድር በኋላ።

አዲሱ ድስት ውስጥ ያ የድሬ ውሃ ነጭ ቅርፊት ታየ። አክስቴ «ዛገብህ» ብላ ልታሳፍረኝ ነበር። ሎሚ ጨምቃ ውሃ አፍልታበት በጨርቅ ስታሸው ለቀቀ፤ ዝገት ሳይሆን ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው። በሽቦ አትፈትጉት።

ለትልቁ ድስት የከፈልኩት 7,200 ብር ነው፤ በቴሌብር፣ ደረሰኙም ሳልጠይቅ ተቆርጦልኛል። ታይዋን መጀመሪያ ለአጎቴ ልጅ ከተነገረው ዋጋ ይበልጣል፤ አልተቆጨሁም። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም፤ በቀፊራ ቅስት በሮች በኩል ወጥታችሁ ማግኔት በክር ያላትን ሴት ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ዋጋ አትቀንስም፣ አትድከሙ። የመስታወት ክዳኖቿ ከሌላው ሱቅ ይወደዳሉ፣ እነርሱን ሌላ ቦታ ግዙ። ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ እርሷም ዘግታ ትሄዳለች፣ ስልክም አታነሳም።