ቦሎ፣ መንጃ ፈቃድና የአዲስ አበባ መንገድ፦ ከውጭ ለሚመጣ ሰው

ዘንድሮ አዲስ አበባ የሄድኩት ለእረፍት ብቻ አልነበረም። የእማዬ መኪና ቦሎዋ (አመታዊ ምርመራ ማለፏን የሚያሳየው ተለጣፊ) ሊያልፍ ነው፣ እኔም አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር የሰው ፊት እያየሁ "እስቲ አድርሰኝ" ማለት ሰልችቶኛል። ስለዚህ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃዴን ወደ ኢትዮጵያ ላስቀይር፣ ቦሎውን ላሳድስ፣ በዚያው ደግሞ መኪና ተከራይቼ አዳማ ደርሼ ልመለስ ብዬ ተነሳሁ። ሶስቱም ተሳክተዋል። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ዋናውን ቀድሜ ልንገራችሁ። ቢሮው ከፈራሁት በጣም ይሻላል፣ መንገዱ ግን ካሰብኩት ይብሳል። እኛ ዳያስፖራዎች ደግሞ የምንጨነቀው ስለ ቢሮው ብቻ ነው።

ከመንጃ ፈቃዱ ልጀምር። የውጭ ፈቃድ ለማስቀየር የሚያስፈልገው ልፋት አብዛኛው የሚያልቀው ከመሳፈራችሁ በፊት ነው። ፈቃዱ በኢትዮጵያ ኤምባሲ መረጋገጥ አለበት፣ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ደግሞ ዝም ብሎ ማህተም አይመታም። የእኔ ወረቀት መጀመሪያ ኖተሪ፣ ከዚያ ስቴቱ፣ ከዚያ ስቴት ዲፓርትመንት፣ መጨረሻ ላይ ኤምባሲው ጋ ደረሰ። ይህ ሁሉ በፖስታ ሲመላለስ ሳምንታት ይበላል። አዲስ አበባ ስትገቡ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዳችሁ የኤምባሲውን ማህተም ታስረጋግጣላችሁ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጀምሩት፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቅርንጫፍ ስደርስ ከፊቴ ወረፋ የያዘ ከጀርመን የመጣ ልጅ ነበር፣ ፕላስቲኳን ካርድ ብቻ ይዞ የመጣ። "ይሄ እኮ በመላው አውሮፓ ይሰራል" እያለ ይሟገታል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቁጣ የለ፣ ግልምጫ የለ፤ "ይሰራል ወንድሜ፣ እዚያ ይሰራል" አለችው። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ምን ያድርግ።

የቅርንጫፉን ስም አልጠራም፤ ግን በሩ ላይ ስለሚጠብቃችሁ ነገር ልናገር። ገና ከታክሲ ሳትወርዱ "ጋሼ፣ ቦሎ ነው ስም ዝውውር?" የሚል ይቀበላችኋል። ጫማችሁን አይቶ ከየት እንደመጣችሁ ያውቃል። ወዲያው ድምጹን ዝቅ አድርጎ "ውስጥ ሲስተም የለም፣ እኔ ግን ሰው አለኝ" ይላል። ገብቼ አየሁ፣ ሲስተሙ በደንብ ይሰራል። (ከምሳ በኋላ እውነትም ጠፋ፣ ያን ቀን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሰውየው በሩ ላይ "አላልኩህም?" ብሎ ሳቀብኝ።) ለእነዚህ ሰዎች አንድ ብር እንዳትሰጡ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም ነገሩ፣ ዋናውን ሰነዳችሁን ለማታውቁት ሰው አስረክባችሁ ቡና ቤት መቀመጥ ነው የሚያስፈራው። ውስጥ ያለው ስራ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ መረጃ ዴስክ ላይ ምን እንደሚጎድላችሁ በግልጽ ይነግሯችኋል። ፎቶ ኮፒውን ብቻ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ የፓስፖርቱን፣ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያውን፣ የፈቃዱን የፊትና የኋላ፣ ሁሉንም ደራርባችሁ።

ሰዓቱን አትርሱ። መንግስት መስሪያ ቤት 2፡30 ተብሎ ሲከፈት ወረፋው ቀድሞ ቆሞ ነው የሚጠብቃችሁ። አርብ ጠዋት ለጁምዓ ቀደም ብሎ ለምሳ ይዘጋል። ክፍያውን በቴሌብር ጨረስኩ፣ ስለዚህ እንደገባችሁ ሲም ካርድ አውጡና ቴሌብር ክፈቱ። ነዳጅ ለመቅዳትም፣ የትራፊክ ቅጣት ለመክፈልም፣ ለሁሉም እሱ ነው። ዶላር በኪስ ይዞ መንቀሳቀስ ቀርቷል።

መስኮቱ ላይ የተጠየቅኩት "አውቶ ነው?" የሚል ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱ በምድብ ስለተከፋፈለ ነው፤ አውቶሞቢል፣ ታክሲ፣ ህዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እያለ ይሄዳል። አዎ አልኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ በቃ። መሪ ስይዝ ያየኝ አንድ ሰው የለም። እዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ወጣት ማሰልጠኛ ገብቶ፣ የጽሁፍ ፈተና ተፈትኖ፣ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ፓርክ አድርጎ ነው የሚያገኘው። እኔ ሰፊ ሃይዌይ ላይ የለመድኩት ሰውዬ ግን በማህተም ብዛት አለፍኩ። ለእኔ ተመቸኝ፣ ትክክል ነው ወይ ብትሉኝ ግን አይመስለኝም። ቢያንስ የአንድ ሰዓት የመንገድ ላይ ፈተና ቢኖር አይከፋኝም ነበር፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ቦሎው ቀላል ሆነልኝ። አመታዊ ምርመራውን የሚያደርጉት የግል ተቋማት ናቸው፣ እዚያ የጠበቀኝ ስራ ከቨርጂኒያው አያንስም። እንዲያውም የቨርጂኒያው መካኒክ ተለጣፊውን እያዘጋጀ ስለ ኳስ ሲያወራኝ ነው የሚያልቀው። እዚህ አንዱ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የእጅ ባትሪውን ከፍ አድርጎ የመሪውን ዘንጎች በእጁ እየነቀነቀ ያያል፣ ሌላው ላይ ሆኖ ፍሬን ያስረግጠኛል። ኮፈኑን አስከፈቱኝና ዘይትና አቧራ የጋገረውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ጓደኛው ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ እየተከተለ አመሳከረ። የጭስ መለኪያውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ሰክተው ነዳጅ ስጥ አሉኝ። የእማዬ ቪትዝ ከእኔ ልጅ ትበልጣለች ግን አለፈች። የጎደለው እሳት ማጥፊያና ሶስት ማዕዘኑ ነበር፤ እሱም ከበሩ ፊት ለፊት ይሸጣል፣ ዋጋውም እንደ ቦታው ነው። ከመርካቶ ገዝታችሁ ሂዱ።

ለቦሎ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የግድ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005። ብዙ ሰው ወረቀት ለማሟላት ይገዛውና ይረሳዋል። ግን የምር አንብቡት፤ የሚሸፍነው እናንተ የምትጎዱትን ሰው ነው፣ የራሳችሁን መኪና አይደለም። እማዬ ለአመታት "ኢንሹራንስ አለኝ" እያለች ስፖኪዮ በራሷ ገንዘብ ስታስቀይር የኖረችው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ።

"እዚያ ህግ የለም" የሚሉ ሰዎችን አትስሟቸው። ህጉ አለ፣ ከለመድነውም ብዙ አይርቅም። ቀበቶ፣ እየነዱ ስልክ አለማውራት፣ ዜብራ ላይ ለእግረኛ መቆም፣ አደባባይ ውስጥ ቀድሞ ለገባው ቅድሚያ መስጠት። ቅጣቱም በቅርብ ዓመታት ከፍ ብሏል። ከእንግሊዝ ለምትመጡ፦ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ። የሚያስቸግረው አሽከርካሪዎቹ እርስ በርስ የሚግባቡበት መንገድ ነው፣ እሱን ደግሞ የትም አታነቡትም።

መብራቱን ውሰዱ። ቨርጂኒያ ከፊት ለፊቴ ያለ ሰው መብራት ብልጭ ካደረገልኝ እለፍ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ "መጣሁ፣ እንዳትንቀሳቀስ" ማለት ነው። ይህችን ሳታውቁ ወደ ግራ የምትታጠፉ ከሆነ አደጋ ነው። ክላክስ ደግሞ ስድብ አይደለም፣ አጭር ከሆነ "ጎንህ ነኝ" ነው፣ አትናደዱ። ፍሬቻ ስታሳዩ ከኋላ ያለው ቦታ ይለቅልኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ሚኒባሱ ፍሬቻም አይጠቀም፣ የወያላውን እጅ ነው የምታዩት። በመስኮት የወጣው እጅ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ ካደረገ ሊገባባችሁ ነው፣ ምርጫ አልሰጣችሁም። የመኪናውን ጎን ሁለቴ ከደበደበ ደግሞ ሊነሳ ነው፣ ጠብቁት። በየአራት መንገዱ ቆሞ ተራ መጠበቅ የለመደ ሰው መስቀለኛ ላይ ቆሞ ይመሻል፤ አፍንጫውን ያስገባ ነው የሚያልፈው። ያም ሆኖ ሰው የሚነዳው ቀስ ብሎ ነው፣ ከተማ ውስጥ የምታዩት ግጭት አብዛኛው ፓራውልት መላላጥ ነው።

እግረኛው ነው የሚያስፈራኝ። በከተማው በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኛዎቹ እግረኞች ናቸው። ከፒያሳ በአራት ኪሎ ወደ ቦሌና መገናኛ የተሰራው የኮሪደር መንገድ ይህን በጥቂቱ አሻሽሎታል፣ የእግረኛው መንገድ እንደ ድሮው ተቆፋፍሮ አይጠብቃችሁም፣ ሰው በእርጋታ ይንሸራሸርበታል። ቀለበት መንገዱ ላይ ግን አሁንም ሰው የመሃሉን ግንብ ዘሎ ይሻገራል፣ እቃ ተሸክሞ፣ ልጅ ይዞ። ማታ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው አጠገባችሁ እስኪደርስ አይታይም፣ ከፊት የሚመጣው ደግሞ ረጅም መብራቱን አያጠፋም። እኔ ከጨለመ በኋላ ቀለበቱን ትቼ በውስጥ መንገድ ነው የሄድኩት፣ ቢረዝምም።

አዲስ ነገር ያየሁት የኤሌክትሪክ መኪናው ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ከተማው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ጭስ የለውም፣ ደስ ይላል። ግን ድምጽም የለውም። የአዲስ አበባ ሰው መኪና የሚያየው በጆሮው ነው፣ ዞር ሳይል ነው የሚሻገረው። ከተከራያችሁ ሰፈር ውስጥ ስትገቡ ክላክሱን ቀስ እያላችሁ ንኩ።

ኪራዩን በተመለከተ፣ የተከራየሁበትን ድርጅት ስም መጥቀስ አልፈልግም። ስልክ ላይ "አዲስ ናት" የተባለችው መኪና የኋላ ጎማዎቿ ሳሙና ሆነዋል፣ ጣቴን ባስኬደው የሚይዘው ጥርስ የለም። አስቀይሩልኝ ስል "አዳማ እኮ አስፋልት ነው" አለኝ። አስፋልቱ መሆኑ ነው እንጂ የሚያሳስበው! ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀን ቀየረው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጎማውን፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ ዘመኑን፣ ስኮርታውንና ክሪኩን ራሳችሁ እዩ። የኋላ ወንበር ቀበቶም ከወንበር ልብሱ ስር ተቀብሮ ታገኙታላችሁ፣ ጎትታችሁ አውጡት። በስልክ በሚጠሩት ታክሲዎችም ያው ነው፤ ሹፌሩ የራሱን ያስራል፣ እኔ ከኋላ ስፈልግ "ግድ የለም፣ ከኋላ አይጠይቁም" ይለኛል። ትራፊኩን ፈርቼ የማስር መስሎት።

አዳማ የሄድኩት በፍጥነት መንገዱ ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ወደ 85 ኪሎ ሜትር። ሲገቡ ቲኬት መውሰድ፣ ሲወጡ መክፈል። ከሁሉም አገልግሎት ያለ ቅሬታ ያለፍኩት ይሄኛውን ነው፣ ንጹህ፣ አጥር ያለው፣ በየአቅጣጫው ሶስት መስመር። አንድ ነገር ብቻ፦ ፍጥነት ወሰኑ እስከ 120 ነው ማለት በስተግራ ያለው ሁሉ 120 ይሄዳል ማለት አይደለም። በ70 የሚሄድ አሮጌ አይሱዙ በመሃለኛው መስመር ታገኛላችሁ። የድሮው መንገድ፣ በዱከምና በሞጆ የሚሄደው፣ በሲኖትራክ፣ በዚያ በትልቁ የቻይና የጭነት መኪና፣ የተሞላ ነው። ሲኖትራክን ህዝቡ "ቀይ ሽብር" ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲመጣ ካያችሁ መብታችሁን አትከራከሩ፣ ልቀቁለት።

ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኛል፣ ጨዋ ነው የገጠመኝ። ሰላምታ ሰጠ፣ አዲሱን ፈቃድ አየ፣ "እንኳን ደህና መጣህ" አለኝ፣ ሸኘኝ። ግጭት ከደረሰባችሁ ግን አንድ ልማድ እወቁ፦ መኪናው ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ ትራፊክ መጥቶ ፕላን (የግጭቱን ንድፍ) እስኪያነሳ። ከኋላ መንገዱ ቢዘጋም፣ ሰው ቢሳደብም። ያለ ፖሊስ ወረቀት ኢንሹራንስ አያናግራችሁም። ፖሊስ 991፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

በመጨረሻ፣ ለሚቀጥለው አመት ቦሎ እኔ ስለማልኖር ለአጎቴ ልጅ ውክልና ሰጥተነዋል። ሰነዶች ማረጋገጫ ስትሄዱ የምትፈልጉትን ስራ ሁሉ በግልጽ አስጽፉ፤ ምርመራ ማስደረግ፣ ቦሎ ማሳደስ፣ ቅጣት መክፈል። መሸጥ ካሰባችሁ "ለመሸጥ ለመለወጥ" የሚለው ለብቻው ካልተጻፈ ውክልናው አይሰራም። እማዬ ይህን አንቀጽ ስታነብ "መኪናዬን ልትሸጧት ነው?" ብላ አስወጥታዋለች። ስለዚህ ስለ ስም ዝውውር የምነግራችሁ የለኝም።