ኬፕለር-10ቢ ወይስ ኬ2-138ቢ?

ሁለቱም ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶች ናቸው። ያየቻቸው ኬፕለር የተባለችው የጠፈር ቴሌስኮፕ ናት፤ ሁለቱም በስፋት ምድርን አንድ ተኩል ጊዜ ያህላሉ። በግለት ከሆነ ከሁለቱ ኬፕለር-10ቢ ይበልጣል። ኮከቡን በ20 ሰዓት ገደማ ይዞራል፤ ለኮከቡ የተጋለጠው ገጹም ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ክብደቱ በሃዋይ በሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ ተለክቶ ዓለታማነቱ በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ያገኙት ባለሙያዎች ናቸው።

እኔ ግን ልቤ ወደ ኬ2-138ቢ ያደላል። በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ተመልካቾች ዙኒቨርስ በተባለው ድረ ገጽ የከዋክብትን የብርሃን ግራፍ እንዲመረምሩ ተጋበዙ፤ ከ10,000 በላይ ሰዎችም ተረባረቡ። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑን በጥቂቱ ይጋርዳል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የግራፉ ነጠብጣቦች መሀል ላይ ዝቅ ብለው ጎድጓዳ ሠርተዋል ወይስ አልሠሩም? ጎድጓዳው ግን ከኮከቡ ብርሃን ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው! በዚህ መንገድ ከአንድ ኮከብ ዙሪያ በርካታ ፕላኔቶች ተለቀሙ። የውስጠኛው ኬ2-138ቢ ሲሆን፣ ዓመቱ 2.35 ቀን ብቻ ነው። ተከታዮቹ በ3.56፣ በ5.40፣ በ8.26 እና በ12.76 ቀናት ይዞራሉ፤ የውስጡ ሦስት ጊዜ ሲዞር ቀጣዩ ሁለት ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ልክ ከበሮ እንደሚመታላቸው።